ባዶ ጥጥ

ሰኞ 3

የ7 ቁጥሩ አስተማሪ ተረከዛቸው ዛሬም ይሸታል። ፋሻውን ስፈታ ራሳቸው አፍንጫቸውን ያዙ። «ሲስተር፣ ይሄ እግር የኔ ነው ወይስ በስህተት የመጣብኝ?» አሉ። ሳቅን። መግሉ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እንክብሉን ከጀመርኩላቸው አሥር ቀን ሞላ፤ ቁስሉ ጭራሽ ባሰበት።

ሐኪሙ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ፣ ያውም ለአንድ ሰዓት፣ ያውም ሰዓቱን እያየ ነው። በመካከሉ አንድ ሽማግሌ ሲያተኩሰው ምን ላድርግ? እጄን አጣጥፌ ልቁም? 3 ቁጥር የነበሩት ሴትዮ ሲያርፉ ግማሽ ፓኮ አንቲባዮቲክ እንክብል ትተው ሄዱ። ከሳቸው በፊት የሞቱትም እንዲሁ። ሰው ሞተ ተብሎ መድኃኒት አይጣልም። ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ለሚያስፈልገው እሰጣለሁ። ካርድ ላይ አልጽፈውም፤ ከተጻፈ ይጠየቃል። እዚህ መጦሪያ ሁለተኛ ፎቅን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀጥ አድርጌ የያዝኩት ማብራሪያ እየጻፍኩ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ አንቀጠቀጣቸው። አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳቸው። አልጋቸውን ያነሳችው አዲሷ ረዳት ናት፤ እመት ጓንት ብዬ ስም ያወጣሁላት። ከትልቅ ሆስፒታል ለቅቃ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። ጓንት ሳታጠልቅ ሰው አትነካም። አንዱን ታወልቃለች፣ ትታጠባለች፣ ሌላ ታጠልቃለች። ሽማግሌዎቹ ቆሻሻ ይመስል! በሷ ቤት ይሄ ሙያ ነው።

«ሲስተር፣ አውራ ጣትዎ እየደማ ነው» አለችኝ በሩ ላይ።

«የራስሽን ጣት ጠብቂ» አልኳት።

ረቡዕ 5

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። ከሆስፒታሉ ደውለዋል። አስተማሪው ቁስል ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ የተለመዱትን አንቲባዮቲኮች የተላመደ ነው። እንክብል ቢያዘንቡበት አይሞትም። አሁን ደማቸው ውስጥ ገብቷል።

«ከእኛ ቤት ይዘውት ሄዱ ነው የሚሉት» አለ፤ ግድግዳው ይሰማ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሆስፒታል መቼም የራሱን ጉድ በሰው ላይ ይለጥፋል» አልኩት።

ነገ ከጤና ቢሮ አንዲት ሴት ትመጣለች። ነዋሪውን ሁሉ ትመረምራለች። ሠራተኛውንም። ሠራተኛውንም!

ሐሙስ 6

መጣች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ሳጥን ሙሉ ረዣዥም ጥጥ ይዛለች፤ እያንዳንዱ በየቱቦው። ባለጥጧ ብዬ ጨረስኩ።

ምግብ አዳራሽ ሰብስባን ሰበከችን። ይህ ባክቴሪያ አፍንጫ ውስጥና ቆዳ ላይ ይኖራል። ጤነኛውን ሰው አያመውም፣ አያሳክከውም። ጤነኛው ግን በእጁ ለሽማግሌው ያደርሰዋል። «ተሸካሚ መሆን ነውር አይደለም፤ ሳያውቁ መሸከም ነው አደጋው» አለች። ይህን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር፤ ወይም መሰለኝ።

ሲያልቅ አጠገቤ መጣች። «ሲስተር፣ ጣትዎን ላየው እችላለሁ?»

«ሳህን ሳጥብ ሰነጠቀኝ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

እሺ፣ ትናንት አይደለም። ከብርዱ ወራት ጀምሮ አልዘጋ ብሎኛል። አንዳንዴ እሱም ላይ እንክብሉን ለሁለት ለሦስት ቀን እወስድበታለሁ፤ ጋብ ይላል፣ ተመልሶ ይከፈታል። ያ በየበሩ የተሰቀለው አልኮል ሲነካው ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። በቀን ስልሳ ጊዜ ነፍሴ እንድትወጣ የሚጠይቀኝ ማነው? ጓንት ደግሞ አልወድም። ሽማግሌ ሰው ልጆቹ ትተውት ሲሄዱ የቀረው አንድ ነገር መነካት ነው። በላስቲክ አይነካም።

ይህን ለሷ ብነግራት በወረቀቷ ላይ አንድ ሳጥን ታጠቁራለች እንጂ ምን ይገባታል።

እሁድ 9

እማ 11 ቁጥር ናት፤ ሁለት ዓመቷ። እኔ ያለሁበት ፎቅ ያስገባኋት ራሴ ነኝ። ታናሽ እህቴ «እኔ ቤት ትሁን» ብላ ነበር። «እኔ እያለሁ ማን እንዲጠብቃት ነው?» ብዬ ዘጋኋት። እስከ ዛሬ አኩርፋለች። እሁድ እሁድ ትመጣለች፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ክፍሉን በዓይኗ ትበረብራለች።

«ምንድነው በሩ ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ? በሽታ አለ እንዴ?» አለች ዛሬ።

«የቢሮ ወሬ ነው።»

«አንቺ ዘንድ ሁሉም ነገር የቢሮ ወሬ ነው።»

እማ ሣቀች። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆና ሠርታ ጆሮዋ ዛሬም አንድ ቃል አያመልጠውም። ኮሪደሩ ላይ የሚባለውን ሁሉ ተኝታ ትሰማለች። ታናሼ ከሄደች በኋላ «ያቺ ጓንት የምታጠልቀው ልጅ ጎበዝ ናት፤ ለምን ትጠምጃታለሽ?» አለችኝ።

«ላስቲክ አድርጋ እኮ ነው የምትነካሽ፣ እማ።»

«እና? እኔስ ያን ሁሉ ሰው ያገናኘሁት በሽቦ አይደል?»

ጀርባዋን ቅባት ቀባኋት፣ ጥፍሯን ቆረጥኩላት። በእጄ። የተሽከርካሪ ወንበሩ ብረት ቅልጥሟን ቧጭሯታል። ትንሽ ነው። ጠራርጌ ቅባት አደረግኩበት።

ማክሰኞ 11

ናሙና ቀን። ከጠዋት ጀምሮ እንደ ትምህርት ቤት ሕፃን ተሰለፍን። ሬዲዮ፣ የሌላው ፈረቃ ነርስ ጓደኛዬ፣ አፏ ስለማይዘጋ ነው እንዲህ የምንላት፣ አፍንጫዋ ውስጥ ጥጥ ገብቶም ታወራ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ «ራሴ እወስዳለሁ» አልኩ። ባለጥጧ ቅር አላት። እኔ ናሙና መውሰድ ስጀምር እሷ ጥርስ አላወጣችም ነበር፤ ይህንኑ ነገርኳት። የጣቴንም ጨምሪበት ብላ ሁለት ቱቦ ሰጠችኝ።

መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ጥጡን አወጣሁ። ትንሽ ቆምኩ። መልሼ ከተትኩት። ስሜን ጻፍኩ። ቱቦ ጠየቁ፣ ቱቦ ሰጠሁ።

የእማንም እኔው ወሰድኩ። ተኝታ ነበር። አልቀሰቀስኳትም። ቢገኝባት ቀይ ካርድ በሯ ላይ ለጥፈው ከሰው ይለዩዋታል፤ ወሬ የሚሰማ ጆሮ ይዛ አራት ግድግዳ ልትሰማ? አይሆንም።

ምንም የለባትም። አውቃታለሁ።

ዓርብ 14

ውጤት። ከሃያ ሁለት ነዋሪ አምስት። ከሠራተኛ አንድ፤ እመት ጓንት!

እማ ነፃ። እኔ ነፃ። ባለጥጧ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ሁለቴ አየችው። ደስ አይላት።

ሬዲዮ «አላልኩሽም? ከሆስፒታል ይዛው ነው የመጣችው» አለች። አላለችም ነበር፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ግን ይሁን።

አምስት በር ላይ ቀይ ካርድ ተሰቀለ።

ሰኞ 17

ዛሬ እረፍት ክፍል ውስጥ እመት ጓንት ስትገባ ወሬው ቀጥ አለ። ጽዳት ሠራተኛዋ ብርጭቆዋን አንስታ ወጣች። አንዱ ረዳት «እኔ ልጆች አሉኝ» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለጣሪያው። ልጅቷ ምሳዋን ሳትከፍት ቆመች።

«አፍንጫ ላይ የሚቀባ ቅባት ሰጥተውኛል፤ ለአምስት ቀን ነው፤ ከዚያ ይጠፋል ብለውኛል» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። እኔም። የፎቁ ኃላፊ ነኝ፤ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። የተናገርኩት ሌላ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄጄ። «ከመምጣቷ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ነበር? አልነበረም። ቁጥሩን እርስዎ ይቁጠሩት» አልኩት። እሱ ደግሞ የነዋሪ ቤተሰብ ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮውን ሲያደነቁረው የከረመ ሰው ነው፤ የሚሰጣቸው ስም ፈልጎ ነበር። ሰጠሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ወጣች። ቅባቱ እስኪያልቅ ነው ተባለ። ተመልሳ እንደማትመጣ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ደረጃው ላይ ተላለፍን። «11 ቁጥርን ቅልጥማቸውን ይዩላቸው፤ ቀላ ብሏል» አለችኝ።

ስለ እናቴ እሷ ልትነግረኝ!

ረቡዕ 19

አስተማሪው ሆስፒታል አረፉ።

ሴት ልጃቸው ዕቃቸውን ልትወስድ መጣች። መነጽር፣ ሁለት ሹራብ፣ የተማሪዎች ፎቶግራፍ። «ከመወሰዳቸው በፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር? ሐኪሙ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነገር እንዳለ ጠይቆኝ ነበር» አለች።

«ካርዳቸው ላይ ያለው ብቻ ነው» አልኳት።

እጄን ጨብጣ አመሰገነችኝ። ሁለቱንም እጄን።

ቅዳሜ 22

ሥራ በዛ። የ14 ቁጥሩ ሻለቃ ቂጣቸው ላይ የነበረው ቁስል መግል ያዘ። ባለፈው ውጤት ነፃ ነበሩ። እመት ጓንት ከወጣች አምስት ቀኗ ነው።

ካልጋው ይሆናል። ከበሩ እጀታ። ጠረጴዛ ላይ ይቆያል ብላለች ባለጥጧ ራሷ።

ሰኞ 24

የሻለቃው ውጤት መጣ፤ ያው ነው። ባለጥጧም አብራ መጣች። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሦስታችን ተቀመጥን።

«ልጅቷ አላመጣችውም» አለች። «እሷ ላይ የተገኘው ከአስተማሪው ጋር አንድ ነው፤ እሷ በመጣችበት ሆስፒታል ግን እንዲህ ዓይነቱ የለም። ይዛው የመጣችው ሳትሆን እዚህ የተጋባባት ናት። አሁንም የሚያዛምት ሰው እዚህ ቤት አለ። ሠራተኛውን በሙሉ እንደገና ልመርምር፤ በዚህኛው ናሙናውን የምወስደው እኔ ራሴ ነኝ።»

ብድግ አልኩ። «አንዴ ነፃ ብለሽ ጽፈሻል! ወረቀትሽን አታምኚም?»

«ወረቀቱን አምናለሁ» አለች። «ጥጡን ነው የማላምነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም አየ። የሠራተኛው መንፈስ ተጎድቷል፣ አሁን ቢደገም ቤተሰቦች ይደነግጣሉ፣ ትንሽ እንታገስ አለ። ፈሪ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቱ ጠቀመኝ።

ጠቀመኝ ብዬ ጻፍኩ። ይቆይ፣ አልሰርዘውም።

ሐሙስ 27

የእማ ቅልጥም አብጧል። ይሞቃል። እንክብል ጀመርኩላት፤ ጠንከር ያለውን።

ለሐኪሙ አላሳየሁም። ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አልፎኝ ሄደ። «ሁሉ ደህና፣ ሲስተር?» አለ። ደህና አልኩት።

ዓርብ 28

39.6። ንግግሯ ተምታታ። «ሃሎ፣ መስመሩ ተይዟል» ትላለች ደጋግማ።

አምቡላንስ። አብሬ ሄድኩ።

ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ፋይሏን አገላበጠ። «ከዚያ መጦሪያ ነው? እዚያ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ አለ አይደል?» አለ። ቀጥሎ ገጹን አገኘው። «አሃ፣ ተመርምራለች፤ ነፃ ናት። ጥሩ። የተለመደውን እንጀምርላት። ሰሞኑን የወሰደችው አንቲባዮቲክ አለ?»

ታናሼ አጠገቤ ቆማለች።

«የለም» አልኩ።

ቅዳሜ 29

ትኩሳቱ አልወረደም። ቅላቱ ከቅልጥም አልፎ ጉልበት ደረሰ። ነርሷ በእስክሪብቶ ዳሩን አሰመረችበት። ከሁለት ሰዓት በኋላ መስመሩን አልፎ ሄደ።

ሲጋባ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ፎቅ ላይ ሆኜ በሩን፣ አልጋውን፣ ልጅቷን ስረግም አላየሁትም። እዚህ የቀለም መስመር አለው።

ሐኪሙ ሁለት ጊዜ በአጠገቤ አለፈ። ሁለቱንም ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ውሃ የት እንዳለ ጠየቅኩት።

ብናገር ሥራዬ አለቀ። የአስተማሪው ጉዳይም ይነሳል፣ የሻለቃውም። ቁም ሣጥኔ ይከፈታል። ምናልባት መድኃኒቱ ዘግይቶ ነው የሚሠራው። ምናልባት ነገ ትሻላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤተሰብ እንዲህ ሲል ሰምቼ በልቤ እስቅ ነበር።

እሁድ 30

ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እማ ዓይኗን ገለጠች። አላወቀችኝም። «ማንን ላገናኝልዎት?» አለችኝ፣ በዚያ በሥራ ድምፅዋ፣ ልጅ ሆነን ስልክ ቤት ስንሄድ እንሰማው በነበረው። ስሟን ጠራሁላት፣ የራሴን ነገርኳት። «ይጠብቁ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿ አጠረ።

ተነሳሁ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ቆሞ ዳቦ ይበላ ነበር። ታናሼ ወንበር ላይ ናት።

«ናሙናው ባዶ ነው» አልኩት።

«የቱ ናሙና?»

«የእናቴ። ነፃ ናት የሚለው። ጥጡ አልነካትም። ከቱቦው አውጥቼ መልሼ ከተትኩት። የኔንም እንዲሁ። ከሐሙስ ጀምሮ ደግሞ እንክብል ሰጥቻታለሁ፤ ካርድ ላይ የለም። ከዚያ በፊትም ሰጥቻት አውቃለሁ፤ ሳል ሲይዛት፣ ሽንት ሲያቃጥላት። አንዱን ለሦስት ቀን፣ ሌላውን ለአምስት፤ የተገኘውን ያህል።» የመድኃኒቶቹን ስም ነገርኩት። አራት ነበሩ። ስቆጥራቸው ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

አልተቆጣኝም። ዳቦውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ዞረ። ከዚያ ሲሮጥ አየሁት። ሽበት ያበቀለ ሐኪም ሲሮጥ ማየት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ታናሼ ከወንበሯ አልተነሳችም። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «እኔ ልጠብቃት ስል በምን ሙያሽ ብለሽኝ ነበር። ትዝ ይልሻል? ልጆቼ ፊት። እኔ እኮ ሙያ የለኝም። ሙያ ስለሌለኝ ሐኪም ሲጠይቀኝ የማውቀውን እመልስ ነበር።»

«እህቴ…»

«እህቴ አትበይኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቤ ቆመሽ ውሃ ስታመላልሺልኝ ነበር።»

ቀኑን ሙሉ ሁለታችን አንድ አግዳሚ ላይ፣ መካከላችን ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተን ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ አዲሱ መድኃኒት በደም ሥሯ ገባ። ቁስሉን ከፍተው አጠቡ። ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ኩላሊትም ጆሮም ሊነካ ይችላል አሉን። ፈርሙ አሉ። ታናሼ ፈረመች። እስክሪብቶውን ለኔ አላቀበሉኝም።

ሰኞ 1

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄጄ ያንኑ ነገርኩት። የቁም ሣጥኔን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ ያለው «ይህን ሌላ ማን ያውቃል?» ነው። ሐኪሙ፣ እህቴ፣ አሁን ደግሞ ባለጥጧ አልኩት፤ ከሱ በፊት እሷ ጋ ደውዬ ነበር። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ።

ባለጥጧ መጣች። አስቀመጠችኝ። ጥጡን ራሷ አፍንጫዬ ውስጥ ከተተች፤ ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ የጣቴን ፋሻ ፈታች። እስክትወቅሰኝ ጠበቅኩ። ቱቦው ላይ ስሜን ጻፈች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ 4

ትኩሳቱ ወረደ። እማ አወቀችኝ። ተርፋለች።

ቀኝ ጆሮዋ ግን አይሰማም። ግራው እንደ ሩቅ መስመር ነው አለች። እኔ ስናገር ታናሼን ታያለች፣ ምን አለች ለማለት። ታናሼ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብላ ትደግምላታለች፤ ከኔ ቃል ግማሹን ብቻ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ታናሼ ቤት ነው የምትሄደው። ማንም አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ 9

ውጤቴ። አፍንጫዬም ጣቴም። ያው ዓይነት፤ ከአስተማሪው፣ ከሻለቃው፣ ከልጅቷ፣ ከእማ ጋር አንድ።

ባለጥጧ «ከማን ወደ ማን እንደሄደ ሙሉ በሙሉ ማረጋገጥ አይቻልም» አለች። ልታጽናናኝ ነው ወይስ እውነቷን ነው? እኔ ግን አውቃለሁ። አልጋ ለአልጋ ልቆጥረው እችላለሁ። የአስተማሪው ሴት ልጅ እጄን ስትጨብጥ እንኳ ፋሻው እርጥብ ነበር። ለሷም ጻፍኩላት። አልመለሰችም፤ ጠበቃ ይዛለች ይባላል። ደግ አደረገች።

ቅዳሜ 13

እመት ጓንት የምትኖርበትን ከሬዲዮ ለምኜ አገኘሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ጨለማ ደረጃ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተችው። ከኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ሕፃን እንዳላት አላውቅም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አልጠየቅኳትም።

ይዤው የመጣሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ጥጡን፣ እንክብሉን፣ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ያልኩትን። ይቅርታ አልኳት።

«አውቅ ነበር» አለች። «ስለ ጥጡ አላውቅም። ስለ ጣትሽ ግን አውቅ ነበር። በዚያ ጣት የአስተማሪውን ቁስል ስትነኪ፣ ከዚያ ቀጥለሽ ወደ ሻለቃው ስትገቢ አይቻለሁ።»

አንቺ አለችኝ። ሦስት ወር እርስዎ ብላኝ ነበር።

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? ላንቺ ተናግሬ ነበር። ሌላው ሰው ማንን ነበር የሚያምነው?»

ሰንሰለቱን ሳታወልቅ ቀጠለች።

«እዚያ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ቦታ አመለከትኩ። ሁለቱም ደውለው ጠየቁ፤ ባክቴሪያ ያመጣችው ናት ተባሉ። አሁን የልብስ መደብር መጋዘን ውስጥ ካርቶን እከፍታለሁ። አንቺ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተሽ በበር ክፍተት ይቅርታ ትይኛለሽ። እዚህ እኮ ማንም የለም። ስሜን ያጠፋሽው እዚህ ነው?»

«ምን ላድርግ?»

«ታውቂዋለሽ» አለችና በሩን ዘጋችው። አልወረወረችውም። እንደ ሥራዋ፣ ድምፅ ሳታሰማ ነው የዘጋችው።

ሰኞ 15

የጠዋት ርክክብ ላይ ገባሁ። ከታገድኩ ሁለት ሳምንቴ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ሊያስቆመኝ እጁን ዘረጋ፤ ባለጥጧ አብራው ነበረች፣ «ይተዋት» አለችው።

አሥራ አራት ሰው ነበር። ሁለቱም ፈረቃ። ወረቀት ጽፌ ነበር፤ አላወጣሁትም። ባዶ ጥጥ መላኬን ተናገርኩ። ለእናቴም። እንክብሉን ተናገርኩ። የአስተማሪውን ስም ሙሉ አድርጌ ጠራሁ። ከዚያ የልጅቷን ስም ጠራሁ፤ ያወጣሁላትን ሳይሆን የራሷን። «እሷ አላመጣችውም። ከእኛ ነው የወሰደችው፤ እኔ ነኝ የሰጠኋት ይሆናል። ጥጤ ባዶ እንደነበር እያወቅሁ ያባረርኳት እኔ ነኝ። ስለሷ የሚጠይቅ ቢደውል ይህ ነው መልሱ» አልኩ። ሥራ አስኪያጁን «ይጻፉት» አልኩት። አልጻፈም። ባለጥጧ ጻፈች።

ማንም አልሰደበኝም። ልጆች አሉኝ ያለው ረዳት ጫማውን ያያል። ጽዳት ሠራተኛዋ ታለቅሳለች፣ በንዴት ይሁን በምን አላውቅም። ሬዲዮ ዝም ብላለች፤ ሬዲዮ!

ያን ጊዜ ከኮሪደሩ ደወል ጮኸ። የ14 ቁጥር ነው፤ የሻለቃው። የማንኛውንም ክፍል ደወል ከድምፁ እለየዋለሁ። እግሬ ራሱ ተነሳ፤ በሩ ድረስ ሁለት እርምጃ ሄጄ ነበር።

«ተቀመጪ» አለች ሬዲዮ።

ዞርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም።

«አንቺ አትሄጂም። ተቀመጪ።»

ከሣጥኑ ጓንት መዝዛ እያጠለቀች በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። ተቀመጥኩ። ደወሉ ትንሽ ጮኸ፣ ከዚያ አንድ ሰው አጠፋው።